ውኃ የሚፈራው ባሕረኛ

ጋሼ ይርጋ ማረፉን የሰማሁት ጀልባ ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ነበር። መልህቄን አስይዤ፣ መንጠቆዬን ጥዬ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። ብርቱካን ናት፣ የእህቱ ልጅ፣ ከደባርቅ። «አጎቴ ዐረፈ» አለችኝ። ታሞ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልታመመም። እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ ቁርሱን ይዛለት ስትወጣ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ማልቀስ አልነበረም። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። በስተቀኝ የቆመው ጀልባ ምን ያህል ይርቀኛል? በስተግራ ያለውስ? ነፋሱ ቢዞር ማን ማን ላይ ይሄዳል? ይኸን በዓይኔ ለክቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ዕንባዬ የመጣው። ከጋሼ ይርጋ ጋር ውኃ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ይኸ አመል አለበት። ሌላ ሰው ከሚወደው ሰው ምክር ይወርስ ይሆናል፤ እኔ የወረስኩት ፍርሃት ነው።

ውኃው ተከዜ ላይ ግድቡ ያቆመው ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ጃናሞራን አቋርጦ ቁልቁል ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ብርዱ አልቆ ሙቀቱ ሲቀበለው፣ በገደሎቹ መካከል ተኝቶ ያገኘዋል። ድሮ እዚያ ሸለቆ ነበር። ግራሩ እንደቆመ ነው ውኃው የዋጠው። ዳር ዳሩን የደረቁት ጫፎች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ መሐል ላይ ግን አይታዩም፣ መልህቅ ስትጥል ነው የሚይዙህ። መጀመሪያ ሰሞን ገመዴን ስስብ ከታች የሆነ ነገር አልለቅ ሲለኝ፣ የሰው እጅ የያዘኝ እየመሰለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ዓሣ የምናጠምደው ሰዎች በማኅበር የተደራጀን ነን። እኔ ከዳባት ነው የመጣሁት። አብዛኞቻችን ደገኞች ስለሆንን ዋና አናውቅም። መንሳፈፊያችን ወገብ ላይ የሚታሰር ባዶ ጀሪካን ነበር፤ እሱንም የሚያስረው ፈሪ የሚባለው ነው። ጀልባዎቻችን ከላሜራ የተበየዱ፣ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ፣ በመቅዘፊያ የሚሄዱ ናቸው። መልህቃችን ከፌሮ ብረት ተጣምሞ የተሠራ ወይም ማዳበሪያ ውስጥ የታሰረ ድንጋይ ነው። ይኸን ይዘን ዓሣው መንጠቆ የበላበት ቦታ ሁላችንም ተግተልትለን እንሄድና ጎን ለጎን እንቆማለን። ከጀልባ ጀልባ ትንባሆ እየተቀባበልን፣ እየተጫወትን።

አንድ ቀን ሁለት ጀልባ ተጋጭቶ የአንድ ልጅ ጣት ተቆረጠ። ያን ጊዜ የማኅበራችን ሊቀመንበር ደነገጠና ስለ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ደባርቅ ወጣ። እዚያ ገበያው አጠገብ ለበቅሎ ጭነት ገመድና ልጓም የሚሸጥ፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበረ ሰው እንዳለ ነገሩት። ለምኖ ይዞት መጣ። ጋሼ ይርጋ ማለት ያ ሰው ነው።

ያን ዕለት ሁላችንም ዳር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ባሕረኛ ሲባል እኔ ደረቱን የነፋ፣ ዘሎ ውኃ የሚገባ ሰው ነበር የጠበቅኩ። የመጣው ቀጠን ያለ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ በዚያ ሙቀት ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ነው። ውኃው ጫፍ ሳይደርስ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሊቀመንበሩ ምን ሆንክ ቢለው፣ «እፈራለሁ» አለ። ምኑን ቢባል፣ «ውኃውን» አለ፣ ስሙን ተጠይቆ እንደሚናገር ሰው።

ሳቅን። ከሁላችንም አብልጦ የሳቀው ቻላቸው ነው። ቻላቸው የአዲ አርቃይ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወንዝ ውስጥ ያደገ፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ፣ ክንደ ብርቱ። ዓሣ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሁላችንም እሱ የሄደበት እንሄዳለን። ያገኘውን የማይሰስት ደግ ልጅ ስለሆነ ማንም ከቃሉ አይወጣም። ከእሱ ጋር አንድ ጀልባ ላይ የሚሠራው ሞላ የጃናሞራ ልጅ ነው። ሞላ ዋና አይችልም። ጀሪካኑን ሁልጊዜ ያስራል፣ ሁልጊዜም ይሳቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። የሰው አረማመድ መቅዳት ይችልበት ነበር። ጋሼ ይርጋ በመጣ በሳምንቱ፣ ወደ ውኃው ሲጠጋ የሚያደርገውን ያን እንደ ድመት ያለ እርምጃ እየቀዳ አሳቀን። ጋሼ ይርጋ ከኋላው ቆሞ ያየው ነበር። ሞላ ዞሮ ሲያየው ክው አለ። ጋሼ ግን ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚያስቀር ነግሮት፣ እንደገና እንዲሠራው ጠየቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞላ ከእሱ አይለይም ነበር።

መጀመሪያ ያስተማረን በደረቅ መሬት ላይ ነው። አሸዋው ላይ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ገመድ አሰረበት፣ የገመዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥቶ ወጥሬ እንድዞር አዘዘኝ። ስዞር በተረከዜ መሬቱን እንዳሰምር ነገረኝ። ከዚያ ለቻላቸው ሌላ ድንጋይና ሌላ ገመድ ሰጠው፤ እሱም እየሳቀ ዞረ። ሁለቱ ክቦች አንድ ቦታ ላይ ተቆራረጡ። ጋሼ ይርጋ ሄዶ እዚያ መቆራረጫው ላይ ቆመ።

«የጀልባህ ቦታ አሁን የቆመችበት አይደለም» አለ። «ገመዷ እስከሚያደርሳት ያለው ሁሉ ነው። እዚህ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ሰው ይሞታል።»

ጨዋታውን ያበላሸ ሰው መሰለን። ቀጥሎ የነገረን ደግሞ የባሰ አስገረመን። ቀድሞ የቆመ ሰው የቦታው ባለቤት ነው አለ። ሊጠጋው የሚፈልግ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የእሱን የመልህቅ ገመድ አቋርጦ አያልፍም፤ ራቅ ብሎ መቅዘፊያውን ያነሳና፣ «ገመድህ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እግዚአብሔር በፈጠረው ውኃ ላይ ሰው ያስፈቅዳል ወይ ብለን ተከራከርነው። አልተከራከረም። መልህቅ ከፊት እንጂ ከኋላ እንዳይታሰር ደጋግሞ ነገረን፤ ከኋላ ከታሰረ ማዕበሉ ዝቅ ባለው በኩል ይገባል። ገመድ ከውኃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ መርዘም አለበት፤ ቀጥ ብሎ የተወጠረ አጭር ገመድ አይዝም፣ ቢይዝም ጀልባውን ወደ ታች ይጎትታል። ገመድ እግርህ ሥር ተጠምጥሞ መልህቅ አትጣል። እሱ ራሱ ትንሽ ቢላዋ በማተቡ ላይ አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር።

አንቱ እንዳንለውም ከለከለን። እኛ በአገራችን ደንብ፣ «ጋሼ፣ ጎንበስ ይበሉ» እንለዋለን። «ጎንበስ ይበሉ ብላችሁ እስክትጨርሱ መቅዘፊያው ራሴን ይፈልጠኛል» አለን። «ጎንበስ በሉኝ። አክብሮቱን ዳር ስንወጣ ታመጡታላችሁ።» ለዚህ ነው እስከ ዛሬ እሱ እያልኩ የምጽፈው።

እኔን ከእሱ ጀልባ ላይ መደቡኝ። ያን ጊዜ ከፋኝ፣ ምክንያቱም እሱ ሁልጊዜ ከሰው ርቆ ነው የሚቆመው። ሌሎቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቶሎ ቶሎ ሲያወጡ፣ ሳቃቸው ውኃውን ተሻግሮ እየመጣ፣ እኛ ለብቻችን እንቀመጣለን። እሱ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ከመግባቱ በፊት ፊቱን ይታጠባል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል። ተቀምጦም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እስኪተውት ድረስ ጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥባቸዋል። እኔ መጀመሪያ አፈርኩበት። ኋላ ግን የእሱ ፍርሃት ወደ እኔ ተጋባ። ከእሱ ጋር በዋልኩ ቁጥር ከታች ያለው ሸለቆ፣ የሰመጠው ግራር፣ የሰው ማሳ የነበረው መሬት ይታየኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ውኃ ላይ ያለሁ እንጂ ከገደል በላይ የተንጠለጠልኩ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ዓሣው እምቢ ሲለን አማረርኩበት። ሰዎቹ ጋ ብንሄድ ምን እንሆናለን አልኩት። ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገረውን ነገረኝ። ሁላችንም ጦርነት ላይ የሆነ ነገር አይቶ ነው የሚፈራው ብለን እንገምት ነበር። ጦርነት አልነበረም። እሁድ ነበር፤ ፈቃድ ያላቸው መርከበኞች በሁለት ትንንሽ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ። ባሕሩ የተነጠፈ ይመስል ነበር። ለመጫወት እንዲመቻቸው ተጠጋግተው ቆሙ። የሁለቱ ጀልባ ገመድ ርዝመቱ የተለያየ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር አንዱ ቶሎ ዞረ፣ ሌላው ዘገየ። አንድ ጓደኛው የሚመጣውን ጀልባ በእጁ ሊገፋ ተነስቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሼ ይርጋ አልነገረኝም። «ሳቅ ላይ ነበርን» ብቻ አለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ጋ እንሂድ አላልኩትም።

ያ የከፋው ቀን የመጣው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሙቀቱ ያፍናል፤ ውኃው ላይ ቅጠል ቢወድቅ አይንቀሳቀስም። ቻላቸው ዓሣውን ከደረቁት ግራሮች ዳር አግኝቶት ሦስት ጀልባ እዚያ ተሰብስቧል። አንደኛው ላይ ቻላቸውና ሞላ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሦስተኛው ላይ ሌሎች ሁለት ልጆች። ቻላቸው ፊቱን ወደ ግራሮቹ አድርጎ መንጠቆ መጣል ስለፈለገ መልህቁን ከኋላ አስሯል። ጋሼ ይርጋ ከሩቅ አይቶ እጁን አወናጨፈ፣ ጮኸም። ቻላቸውም እጁን አወናጨፈለት፣ ሰላም እንደሚል ሰው። ሞላ ጀሪካኑን ፈትቶ እግሩ ሥር አስቀምጦት ነበር፤ የመንጠቆውን ክር ሲስብ ይጠላለፍበታል።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከገደሎቹ መካከል ከባድ መኪና የሚወጣ የመሰለ ጉርምርምታ። ጋሼ ይርጋ ያን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ መልህቃችን የታሰረበትን ቋጠሮ ዳሰሰ። «መጣ» አለ። ወዲያው ነፋሱ ከተራራው በኩል ወረደ፤ ጠዋት ሲነፍስ በነበረበት ተቃራኒ። ጀልባችን ዞረች። ገመዳችን ረጅም ነው፣ ዙሪያችን ማንም የለም፤ ዞራ ዞራ ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ቆመች። የነሱን ግን አየሁት። ሦስቱ ጀልባዎች ባንድ ላይ ተነሱ። ሦስተኛው ላይ ያሉት ልጆች ገመዳቸውን ቆርጠው ነፋሱ ወደ ዳር ወሰዳቸው፤ እነሱ ተረፉ። የወንድማማቾቹ ጀልባ ዞሮ በቻላቸው ገመድ ላይ ወጣ። የቻላቸው ጀልባ ከኋላ የታሰረ ነው፤ ገመዱ ወደ ታች ሲጎተት ኋላው ዝቅ አለ፣ ማዕበሉ በዚያው ገባ። ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ጀልባው ሞልቶ ጠርዙ ብቻ ቀረ። የወንድማማቾቹም ተገለበጠ።

አራት ሰው ውኃ ውስጥ። እኛ ከነሱ ወደ ነፋሱ መምጫ በኩል ነን፤ መልህቃችን ይዟል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩ፤ ገመዱን ቆርጬ ነፋሱ እነሱ ላይ እንዲወስደን። ቢላዋዬን አወጣሁ። ጋሼ ይርጋ እጄን ያዘኝ።

«ከቆረጥክ እላያቸው ላይ እንወድቃለን። እንጨፈልቃቸዋለን፣ እኛም አንመለስም። ገመዱን እየለቀቅን ነው የምንወርድ።»

ሁልጊዜ ትርፍ ገመድ ይዞ ነው የሚወጣ። አንዱን ካንዱ ቋጠረው፤ እጁ ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። እኔ በመቅዘፊያው ጀልባዋን ቀጥ አድርጌ እንድይዝ፣ እሱ ገመዱን ቀስ በቀስ እንዲለቅ ተስማማን። ጀመርን። ጥቂት ወረድን። ከዚያ ቆምን። ዞሬ አየሁት። ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦታል፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።

«ልቀቅ ጋሼ» አልኩት።

«አልቻልኩም።»

እንደገና ልቀቅ አልኩት። ዓይኑ የሚያየው እኛ ያለንበትን ውኃ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ሞላ የጠራው። «ጋሼ!» አለ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላ ነው የሚወስደው፤ እንዴት እንደሰማነው አላውቅም። ግን ሰማነው። እንደገና ጠራ። እኔ መቅዘፊያውን ጥዬ የጋሼን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቅኩ። እንደ ብረት ነበሩ። ገመዱን ተቀበልኩት፣ ወዲያው መዳፌን ላጠው።

ጋሼ ይርጋ ከጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የጠራ። «በመቀመጫው እንጨት ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው» አለኝ። ጠመጠምኩት፤ ገመዱ ታዘዘኝ። «አሁን የምታየውን ንገረኝ» አለ። የማየውን ነገርኩት። ወንድማማቾቹ የተገለበጠ ጀልባቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ቻላቸው ሞላን በአንድ እጁ ይዟል፣ በሌላው የሰመጠውን ጀልባ ጠርዝ። «ጀልባችን ወዴት ታደላለች?» ይለኛል፤ ወደ ግራ ስለው፣ በየትኛው ጎን መቅዘፊያውን እንደምከት ይነግረኛል። እንዲህ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እኔ እያየሁ እየነገርኩት ወረድን። ደንግጬ ቃል ስስት፣ «አትቸኩል፣ እንደገና ንገረኝ» ይለኛል። መቼም በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህም እንደዚያ የምፈራ አይመስለኝም።

መሐል ላይ አንድ ትልቅ ማዕበል በላያቸው አለፈ። ከወረደ በኋላ ቻላቸው በሁለት እጁ ጠርዙን ይዞ አየሁት። ሞላ የለም። ይኸን ለጋሼ መናገር አቃተኝ። ዝም ስል ዓይኑን ገለጠ።

ስንደርስ ወንድማማቾቹንና ቻላቸውን በኋላ በኩል አወጣናቸው፤ በጎን ከሳብናቸው እንገለበጣለን ብሎ ጋሼ እየጮኸ። ከዚያ ጋሼ ይርጋ ጠርዙ ላይ በደረቱ ተኛና እጁን እስከ ትከሻው ውኃው ውስጥ ከተተ። ጉንጩ ውኃውን ነክቷል። ሲዳስስ፣ ሲዳስስ ቆየ። እኔ እግሩን ይዤዋለሁ። ግራር ብቻ ነው የሚያገኘው። በመጨረሻ ቻላቸው ነው በቃ ያለው።

ነፋሱ እስኪያልፍ መልህቃችን ላይ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ጀልባዋ ለሁለት ሰው ናት። ውኃውን በቆርቆሮ እየጨለፍን። ሲረግብ ቻላቸው ጋሼን ቀና ብሎ አይቶ፣ «በቀጥታ ብትመጣ ኖሮ» አለው።

ሞላን በማግሥቱ ከግራሮቹ መካከል አገኙት። አስከሬኑ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ አባቱ ወደ አያ ካሴ ወጣ። ወሬው ግን ከአስከሬኑ ቀድሞ ደርሷል፤ ባሕረኛው ፈርቶ ልጁን አስገደለው የሚል። ሊቀመንበሩ ጋሼ ይርጋ ልቅሶ እንዳይሄድ ለመነው። አያ ካሴ ቁጡ ናቸው፣ ሌላ ወንድ ልጅም የላቸውም አለው። ጋሼ ሹራቡን ለበሰና መንገድ ጀመረ። እኔም ተከተልኩት፤ ደፍሬ አይደለም፣ ብቻውን ሲሄድ ማየት አቅቶኝ ነው።

ልቅሶው ቤት ደጃፍ ሰው ሞልቷል። ገባን። ቻላቸው ጥግ ላይ ተቀምጧል። አያ ካሴ መደቡ ላይ ናቸው፤ ጠመንጃቸው ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ ከጠመንጃው ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ጋሼ ይርጋ አልተቀመጠም። ቆሞ ነው የተናገረ፤ ያን ዕለት እሱም አንቱ አለ።

«አያ ካሴ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔ ልንገርዎ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እጄ አልላቀቅ አለኝ። ይኸ ልጅ ነው ከጄ የፈለቀቀው። በቀጥታ ብሄድ ሁሉም ያልቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን እጄ ባይጨብጥ ኖሮ ቀድሜ እደርስ ነበር።»

አያ ካሴ ቀና ብለው አዩት።

«ጠርቶህ ነበር?» አሉት።

«ጠርቶኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ጋሼ ብሎ።»

አያ ካሴ ከመደቡ ተነሱ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የተነሳ መሰለኝ። እሳቸው ግን በአጠገባችን አልፈው ወደ ውጭ ወጡ፣ ወደ ገብሱ ማሳ። አልተመለሱም። ጥቂት ጠብቀን እኛም ወጣን። ከዚያ ቤት ቁልቁል ያለው መንገድ ገላጣ ነው፤ መጠለያ የለውም። ከጀርባዬ የተኩስ ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር የምራመድ። እግሬ ሲፈጥን ጋሼ ይርጋ ክንዴን ያዘና «አትሩጥ» አለኝ። እንደዚያው በዝግታ ወረድን። ማንም አልተኮሰም።

ጋሼ እስከ ክረምቱ መግቢያ ከእኛ ጋር ቆየ። እጁ ከበፊቱ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አልቀረም። ተጠግቶ የሚቆም ጀልባ ጠፋ። ቻላቸው አያናግረውም። አንድ ጠዋት ግን እኛ ወደቆምንበት ቦታ ሲመጣ፣ ገና ሩቅ ሳለ መቅዘፊያውን አነሳና፣ «ገመድህ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በእጁ አሳየው። ቻላቸው ዞሮ ራቅ ብሎ መልህቁን ጣለ፣ ከፊት። በመካከላቸው ሌላ ዕርቅ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ደባርቅ ወጣ፤ ተመልሶም አልወረደም። ገበያ በወጣሁ ቁጥር እጠይቀው ነበር። ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ነፋሱ ነው የሚጠይቀኝ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ አዲስ የመጣ ሰው እንዳለ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብቅ ባለ ቁጥር ወሬውን ያቋርጣል። ከጃናሞራ የሚመጣ ገበያተኛ ብዙ ነው። አንድ ቀን ማንን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት። «አያ ካሴን» አለኝ። «መልስ አልሰጡኝም። አንድ ቀን ይዘውት ይመጣሉ።» እንዴት እንደሚቆረጥ እያሳየ ለአንድ በቅሎ ነጂ ገመድ ሸጠና ወደ ወሬያችን ተመለሰ። እሱ በሚፈራው ልክ እኔም ለእሱ እፈራለት ነበር። ጀልባ ላይ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ያን የፈራሁት መልስ የመጣ ይመስለኛል።

ብርቱካን ከደወለችልኝ በኋላ ወዲያው ተነስቼ መንገድ ገባሁ። መኪና አጥቼ፣ በእግርም በአይሱዙም ብዬ ደባርቅ ስደርስ ሣልስቱ ነው፤ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ እሱ ፀሐይ የሚሞቅበት ደጃፍ ላይ ተተክሏል። ብርድ ነበር፤ ሰው በጋቢው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገብቼ፣ አልቅሼ፣ ቀና ስል ከዘመዶቹ መካከል፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ አየሁ። አያ ካሴ ናቸው።

ብርቱካን መጥታ ክንዴን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ሰውየውን ታውቃቸዋለህ ወይ አለችኝ። ለገበያ መጥተው ነው መሰለኝ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ደረሱ፤ ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያን ማንም እንዲቀይራቸው አልፈቀዱም፤ ከዚያ ወዲህ ከድንኳኑ አልወጡም፤ ምኑ እንደሆኑ ግን የሚያውቅ ጠፋ አለችኝ።

አያ ካሴ ሰምተዋታል። ከዘራቸውን አስተካክለው ያዙና መሬት መሬቱን እያዩ መለሱላት።

«ዘመዱ አይደለሁም ልጄ። ልጄ ሲጨንቀው የጠራው ሰው ነው። እኔን አልጠራም፤ እሱን ነው የጠራ።»

ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉልኝ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።